አማካዩ ጨመረ፣ የኔስ? የዋሽንግተን ስቴት አምራች ሠራተኞች የሰዓት ክፍያ

ሲያትል አካባቢ ዕቁብ ላይ ስንሰበሰብ ወሬው ዞሮ ዞሮ «በሰዓት ስንት ነው የሚከፍሉት?» ላይ ያርፋል። ባለፈው አንዱ ልጅ ስልኩን አውጥቶ በዋሽንግተን ስቴት (ዲሲ አይደለም፣ የኛዋ) የአምራች ዘርፎች (የፋብሪካ፣ የግንባታና የመሳሰሉት) አማካይ የሰዓት ክፍያ ማደጉን አነበበልን። ግማሹ «ውሸት ነው» አለ። ሌላው «እኔን ብቻ ነዋ የዘለሉኝ» ብሎ አኮረፈ። ውሸትም አይደለም፣ እሱን የዘለለውም የለም። ዕቁብ ላይ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

«አማካዩ ከጨመረ ደሞዝ ተጨምሯል»

ቁጥሩ የሚመጣው መንግሥት በየወሩ ድርጅቶችን ጠይቆ ከሚሠራው ጥናት ነው፤ ሒሳቡም ማካፈል ነው። ድርጅቶች የከፈሉት ጠቅላላ ደሞዝ ለተከፈለባቸው ሰዓቶች ይካፈላል። ኦቨርታይሙም እዚያው ውስጥ ነው፤ የሥራ አስኪያጁና የኢንጂነሩም ደሞዝ እንደዚያው።

በሰዓት 30 ዶላር የሚያገኝ የፋብሪካ ሠራተኛ እንውሰድ። በሳምንት 50 ሰዓት ሠራ። የ40ው ሰዓት 1,200 ዶላር ነው። የቀረው 10 ሰዓት በአንድ ተኩል ስለሚታሰብ 450 ይሆናል። ድምሩ 1,650፣ ለ50 ሲካፈል 33 ዶላር። አለቃው ግን አንዲት ሳንቲም አልጨመረለትም! ኦቨርታይሙ ሲቀር ደግሞ 33ቱ ተመልሶ 30 ይሆናል፤ «ክፍያ ቀነሰ» ይባላል።

ሌላም አለ። በኤፕሪል 2020 የአገር አቀፉ አማካይ በአንድ ወር ውስጥ በ1.34 ዶላር ዘሎ 30.01 ገባ ተብሎ ነበር። በዚያው ወር 20.5 ሚሊዮን ሥራ ጠፍቷል። ከሥራ የወጡት በብዛት ዝቅተኛ ተከፋዮች ነበሩ፤ እነሱ ከሒሳቡ ሲጎድሉ የቀሩት ሰዎች አማካይ ከፍ አለ። ሀብታም የሆነ ሰው የለም።

«ዌርሃውስም ፋብሪካም ያው ነው»

አይደለም። አምራች የሚባሉት ማኑፋክቸሪንግ፣ ግንባታ፣ ማዕድንና የደን እንጨት ቆረጣ ናቸው። ኤቨረትና ሬንተን አውሮፕላን የሚገጣጥመው አለበት፤ ፋብሪካ ውስጥ ዓሣ የሚያሽገውም አለበት። የዌርሃውስና የትራክ ድርጅት ሠራተኞች ግን የሚቆጠሩት አገልግሎት ውስጥ ነው። ያኪማ ፖም የሚለቅመው ጭራሽ የለበትም፤ ጥናቱ እርሻን አያካትትም። በራሱ የሚሠራው የኡበር ነጂም እንዲሁ።

«የቦይንግ ሠራተኞች 38 በመቶ ሲጨመርላቸው የስቴቱ አማካይ ወዲያው ዘለለ»

ይሄ ዕቁባችን ላይ ብዙ ያነታረከ ነው። በ2024 ወደ 33,000 የሚጠጉ የቦይንግ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ እዚሁ ዋሽንግተን ያሉ፣ ከሴፕቴምበር 13 ጀምሮ አድማ መቱ። መጀመሪያ 25 በመቶ ቀረበላቸው፣ እምቢ አሉ። 35 ሲባልም እምቢ። በኖቬምበር መጀመሪያ በ38 ተስማሙ።

38ቱ ግን የአራት ዓመት ነው፦ መጀመሪያ 13፣ ከዚያ 9፣ እንደገና 9፣ በመጨረሻ 7 በመቶ። እያንዳንዱ ጭማሪ በቀዳሚው ላይ ስለሚታሰብ በአራተኛው ዓመት 43.65 በመቶ ይደርሳል። 30 ዶላር የነበረው 43.10 ገደማ ይሆናል ማለት ነው፣ ግን ቀስ እያለ። በፊርማው የተሰጠው 12,000 ዶላር ቦነስ ደግሞ አማካዩ ውስጥ አይገባም። የአንድ ጊዜ ቦነስ አይቆጠርም።

አድማ ላይ ሳሉስ? ጥናቱ የሚያየው የወሩን 12ኛ ቀን የያዘውን የክፍያ ወቅት ነው። በዚያ ወቅት ምንም ያልተከፈለው ሰው አይቆጠርም። ስለዚህ የኦክቶበሩ ቁጥር የተሠራው አድመኞቹ በሌሉበት ነው።

«ከባለፈው ወር ወርዷል፣ ነገሩ ተበላሽቷል»

የስቴት የሰዓት ክፍያ ቁጥሮች ወቅትን ታሳቢ አድርገው አይስተካከሉም። በብርዱ ወራት ግንባታ ሲቀዘቅዝ አማካዩም ይነቃነቃል። የዘንድሮን ጃንዋሪ ከአምናው ጃንዋሪ ጋር አስተያዩ፣ በቃ።

«ክፍያው አድጓል፣ ኑሮም ቀሏል»

በጁን 2022 የአገሪቱ አማካይ የሰዓት ክፍያ በዓመት 5.1 በመቶ አድጎ ነበር። ዋጋ ግን 9.1 በመቶ ንሯል። ይህን ስነግራቸው የዕቁባችን ዳኛ ቡናዋን እየቀዳች ቀና አለችና፣ «ልጄ፣ እሱን እኮ የጤፉ ከረጢት ነግሮኛል» አለችኝ።