ፌኒልኬቶኑሪያ ያለባቸው ሕፃናት፦ ልዩ ወተትና የሥነ ምግብ ይዞታ

ፌኒልኬቶኑሪያ በዘር የሚወረስ የሜታቦሊዝም ችግር ነው። ፌኒልአላኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ታይሮሲን ወደተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ የሚለውጠው የጉበት ኢንዛይም ስለሚጎድል ወይም በቅጡ ስለማይሠራ፣ ፌኒልአላኒኑ በደም ውስጥ ተከማችቶ አንጎልን ይጎዳል። በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1934 የለየው ኖርዌያዊው ሐኪም አስቢዮርን ፎሊንግ ነበር፤ በምግብ ማከም የተጀመረው ግን በ1950ዎቹ ነው።

ለእነዚህ ሕፃናት የሚሰጠው ልዩ ወተት ፌኒልአላኒን የሌለበት የአሚኖ አሲዶች ዱቄት ነው። ታይሮሲን፣ ቪታሚንና ማዕድን፣ አብዛኛውን ጊዜም ስብና ካርቦሃይድሬት ይጨመርበታል። ብቻውን ግን ሕፃን አያሳድግም። ፌኒልአላኒን ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችል ስለሆነ፣ ጥቂቱ ከጡት ወተት ወይም ከመደበኛ የሕፃናት ወተት መምጣት አለበት። ለምሳሌ 4 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በቀን በኪሎ 40 ሚሊግራም ፌኒልአላኒን ቢታዘዝለት ድምሩ 160 ሚሊግራም ነው። 100 ሚሊሊትር የጡት ወተት በግምት 45 ሚሊግራም ስለሚይዝ፣ ወደ 350 ሚሊሊትር ይበቃዋል። ጡት ለሚጠባ ልጅ የሚመቸው ዘዴ የተመጠነውን ልዩ ወተት አስቀድሞ በጡጦ ሰጥቶ፣ ከዚያ እስኪጠግብ ማጥባት ነው። በደም ምርመራ የፌኒልአላኒኑ መጠን ከፍ ካለ፣ ሕፃኑ ጡት የሚጠባው እንዲያንስ በጡጦ የሚሰጠው ልዩ ወተት ይጨመራል፣ ዝቅ ካለ ይቀነሳል።

ብዙ ወላጅ የሚፈራው የፌኒልአላኒንን መብዛት ብቻ ነው፤ ማነሱም የዚያኑ ያህል ይጎዳል። ክብደት መጨመር ይቆማል፣ ሕፃኑ ይፈዝዛል፣ ዳይፐር በሚያርፍበት ቆዳ ላይ ሽፍታ ይወጣል፣ ፀጉር ይሳሳል። እጥረቱ ሲቆይ ሰውነት የራሱን ጡንቻ ማፍረስ ይጀምርና በደም ውስጥ ያለው መጠን ተመልሶ ይወጣል። ይህን ከመብዛት ጋር አምታቶ ምግቡን ይበልጥ መቀነስ ከባድ ስህተት ነው። ትኩሳትና ተቅማጥም መጠኑን በዚሁ መንገድ ያንሩታል፤ ስለዚህ በሕመም ጊዜ ጉልበት ሰጪ ምግብና ልዩ ወተቱ መቋረጥ የለባቸውም።

በመጀመሪያው ዓመት ደም አብዛኛውን ጊዜ በየሳምንቱ ይመረመራል፤ የፌኒልአላኒኑ ግብ በሊትር ደም ከ120 እስከ 360 ማይክሮሞል (የመጠን መለኪያ) ነው። ክብደት፣ ቁመትና የራስ ዙሪያ በየቀጠሮው ይለካሉ፤ ብረት፣ ዚንክ፣ ሴሌኒየምና ቪታሚን ቢ12 በየጊዜው ይታያሉ። እድገቱ ያዘገመ ልጅ ሲገጥም መጀመሪያ የሚጠየቀው ዱቄቱ እንዴት እንደሚለካና በቀን የታዘዘው በሙሉ መጠጣቱ ነው። በማንኪያ ከመገመት በግራም ሚዛን መመዘን ይሻላል። የቀኑ ድርሻም በአንዴ ሳይሆን ለየምግብ ሰዓቱ ተከፋፍሎ ይሰጣል፤ ነጻ አሚኖ አሲዶች ቶሎ ወደ ደም ስለሚገቡ፣ በአንዴ የተሰጠው ከፊሉ ለእድገት ሳይውል ይቃጠላል።