ካያል ምንድን ነው? የኬራላ የውሃ መንገድ

ካያል በደቡብ ሕንድ፣ በኬራላ ግዛት የሚነገረው የማላያላም ቋንቋ ቃል ነው። ከባሕሩ ዳርቻ ጀርባ የተኛ፣ ዳርቻውን ተከትሎ የተዘረጋ ውሃ ማለት ነው። በአማርኛ ልክክ የሚልለት ቃል አላገኘሁም። ሐይቅ እንዳንለው ከባሕር ጋር ይገናኛል። ወንዝ እንዳንለው ደግሞ ወዴትም አይጣደፍም። ስለዚህ በስሙ ካያል እያልኩ ልቀጥል።

ኬራላ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለችም። በንጉሡና በደርግ ዘመን ሂሳብና ሳይንስ ካስተማሩ ሕንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ ከዚያ የመጡ ነበሩ።

አገሯ ቀጭን ናት። በምዕራብ የዓረብ ባሕር፣ በምሥራቅ ጋትስ የሚባለው የተራራ ሰንሰለት አለ። ከ44 ወንዞቿ 41ዱ ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ። ተራራውና ባሕሩ ስለሚቀራረቡ ወንዞቹ አጫጭር ናቸው። ሞንሱን የሚሉት ዝናብ እንደኛ ክረምት ሰኔ ላይ ሲገባ፣ ደለል ተሸክመው ይንደረደራሉ። ባሕሩ ደግሞ በማዕበሉ አሸዋ እየገፋ ዳር ላይ ይከምራል። በብዙ ዘመን ክምሩ ረጅም ቀጭን መሬት ሆነ፤ ሰው ሰፈረበት፣ ኮኮናት በቀለበት። ከኋላው የቀረው ውሃ ነው ካያል የሆነው። ትልቁ ቬምባናድ ይባላል። ርዝመቱ ወደ 96 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የኮቺ ወደብም ያለው ይህ ውሃ ከባሕር በሚገናኝበት አፍ ላይ ነው።

ካያሎቹ ከዳርቻው ጎን ለጎን ስለሚሄዱ፣ በቦይ ሲያያዟቸው መንገድ ሆኑ። ድሮ ሩዝና ቅመም የሚጓጓዘው በኬቱቫላም ነበር። ስሙ «የታሰረ ጀልባ» ማለት ነው። ሳንቃው ሚስማር ሳይነካው በኮኮናት ቃጫ ገመድ ተሰፍቶ ይሠራል። አስፋልትና ድልድይ ሲስፋፋ ጭነቱ ወደ መኪና ዞረ፤ ዛሬ ኬቱቫላም በብዛት የሚታየው ቱሪስት የሚያድርበት ቤት ሆኖ ነው።

ውሃው ግን መንገድነቱን አልተወም። ከኮላም እስከ ኮታፑራም ያለው 168 ኪሎ ሜትር በ1993 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የውሃ መንገድ ተብሎ ታውጇል። በ2017 እ.ኤ.አ. አዲትያ የተባለችው 75 ሰው የምትይዝ ጀልባ በፀሐይ ኃይል ሰው ማሻገር ጀመረች። በሕንድ የመጀመሪያዋ ናት። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኮቺ የውሃ ሜትሮ የሚባል የከተማ ጀልባ አገልግሎት ከፈተች። ጀልባዎቹ በባትሪ ይሠራሉ። መሳፈሪያው ተንሳፋፊ ስለሆነ ከውሃው ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፤ አረጋዊም ሆነ በዊልቸር የሚሄድ ሰው ሳይቸገር ይገባል። እኔን ከሁሉ በላይ ደስ ያሰኘኝ ይሄ ነው። ደሴት ላይ ለሚኖር ሰው ጀልባ ሽርሽር አይደለም፤ ታክሲው፣ አንቡላንሱ፣ የልጁ ትምህርት ቤት መንገድ ነው።

ከቬምባናድ በስተደቡብ ኩታናድ አለ። እዚያ ሩዝ የሚዘራው ከባሕር ወለል በታች ነው። ገበሬዎች በማሳው ዙሪያ የጭቃ ግድብ ሠርተው፣ ውሃውን በፓምፕ አውጥተው ያርሳሉ። በበጋ የወንዙ ጉልበት ሲደክም ግን የባሕሩ ጨው እየገፋ ይመጣል። ሩዝ ጨው አይችልም። ስለዚህ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ታኒርሙኮም ላይ ካያሉን የሚያቋርጥ ግድብ ተሠራ። በበጋ በሮቹ ይዘጋሉ፣ ዝናብ ሲቃረብ ይከፈታሉ።

ሩዙ ዳነ። ነገር ግን ጨዉ ሥራ ነበረው። ውሃውን ያጥብ ነበር፤ አረሙንም ይገድል ነበር። አሁን ከግድቡ ወዲያ ባለው ጨው አልባ ውሃ እምቦጭ ተንሰራፍቷል። አዎ፣ ጣናን ያስጨነቀው ያው እምቦጭ! ቦዩን ይሸፍናል፣ የጀልባውን ሞተር ያንቃል። ለመራባት ወደ ጨዋማው ውሃ የሚወርደው ትልቁ ሽሪምፕም መንገዱ ተዘግቶበታል።

ገበሬው ሩዙ ሳይታጨድ በሩ እንዳይከፈት ይለምናል። ዓሣ አጥማጁ ቶሎ ክፈቱልን ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የመክፈቻው ጊዜ ሲደርስ ክርክሩ እንደገና ይነሳል።