ተከታይ ክፍል ምንድን ነው?

ሰሞኑን ማታ ማታ ከእኅቴ ልጅ ጋር የአንድ ምናባዊ ልቦለድ ሁለተኛ መጽሐፍ እየተፈራረቅን እናነባለን። ስንጀምር «ጋሼ፣ ክፉው ንጉሥ ሞቷል፣ አገሩም ነጻ ወጥቷል፤ ታዲያ ምን ቀረ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው።

ተከታይ ክፍል አልቆ የተዘጋን ታሪክ መልሶ የሚከፍት፣ ግን የራሱ መነሻና መድረሻ ያለው ሥራ ነው። በየሳምንቱ ከሚቀጥል ድራማ የሚለየውም በዚህ ነው።

«ምን ቀረ?» ለሚለው መልስ፣ ሐረር ላደገ ልጅ የከተማዋን ግንብ፣ ጀጎልን፣ ማሳየት ይበቃል። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ አምስት በሮች ነበሩት፤ ሲመሽ ይዘጉ ነበር። የመጀመሪያው መጽሐፍ ጀግና ከውጭ ሆኖ በር የሚደበድብ ሰው ነው። በተከታዩ ያው ሰው ቁልፍ ይዞ ከውስጥ ቆሟል፣ የመሸበት መንገደኛም ያንኳኳል። ይክፈትለት? ሰላይ ቢሆንስ? ካልከፈተለት፣ ከጣለው ንጉሥ በምን ተሻለ? ግብሩን ማን ይክፈል፣ አብረው የተዋጉት ሹመት ሲጠይቁስ ምን ይበላቸው? ፖለቲካው እዚህ ላይ ይመጣል፤ ለእኔ ከሰይፍ ፍልሚያው ሁሉ የሚጥመኝም ይኸው ነው።

ሰውየውም እንደነበረ አይቆይም። በሐረሪ ቤት መቀመጫው ደረጃ አለው፤ አሚር ነደባ የሚባለው መደብ የአባወራው ነው። ጎበዝ ደራሲ ትናንት በር ሥር ይቀመጥ የነበረውን ልጅ እዚያ ላይ ያወጣውና ዝም ብሎ ያሳየናል፦ ሳቁ ይቀንሳል፣ «አንተ» ይሉት የነበሩ ጓደኞቹ «እርስዎ» ማለት ይጀምራሉ፣ እሱም አያርማቸውም።

ተከታዩ የፊተኛውን መጽሐፍ የሚያስለውጥበት ጊዜም አለ። እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን በ1937 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ዘ ሆቢት» ውስጥ ጎለም የሚባለው ፍጡር በእንቆቅልሽ ቢሸነፍ አስማተኛ ቀለበቱን በስጦታ ለመስጠት ቃል ይገባ ነበር። በተከታዩ ግን ቀለበቱ የያዘውን ሰው ባሪያ የሚያደርግ ክፉ ነገር ሆነ፤ እንዲህ ያለውን ነገር በፈቃዱ የሚሰጥ ደግሞ የለም። ስለዚህ በ1951 እትም ያንን ምዕራፍ ለወጠው። ተከታዩ መታተም የጀመረው በ1954 ነው።

ትናንት ማታ የእኛ ጀግና የልጅነት ጓደኛውን ያሳሰረበት ገጽ ላይ ደረስን። የእኅቴ ልጅ መጽሐፉን ከደነችና «ያን ሁሉ ገጽ ስጸልይለት የነበረው ለዚህ ሰው ነው?» አለች። ዛሬ እራት ሳይቀርብ፣ የእኔን ተራ ወስዳ እያነበበች ነው።