የመምረጥና የመመረጥ መብት በኢትዮጵያ

የመምረጥና የመመረጥ መብት ዜጋው ሕግ የሚያወጡለትንና የሚያስተዳድሩትን ሰዎች በድምፁ የሚወስንበት፣ ራሱም ለዚሁ ኃላፊነት የሚወዳደርበት መብት ነው። በኢትዮጵያ ይህ መብት በሕገ መንግሥት ከሰፈረ ሰባት አሥርት ዓመታት ገደማ ሆኖታል፤ ማን ይጠቀምበታል፣ ክርክር ሲነሳስ ማን ይዳኛል የሚለው ጥያቄ ግን በየምርጫው እየታደሰ መጥቷል።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን ያቋቋመ ሲሆን፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የታችኛውን ማለትም የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት እንዲመርጡ ደነገገ። ይህ ጊዜያዊ የተባለ ድንጋጌ ከሃያ ዓመታት በላይ ዘለቀ።

ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የጸደቀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዕድሜያቸው 21 ዓመት ለሞላ ኢትዮጵያውያን ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይለይ፣ የመምረጥ መብት ሰጠ። ስዊዘርላንድ ለሴቶች ዜጎቿ በፌዴራል ደረጃ የመምረጥ መብት የሰጠችው በ1963 ዓ.ም. መሆኑ ሲታሰብ፣ እርምጃው ከሚነገርለት በላይ ክብር የሚገባው ነው። የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ በ1949 እና በ1950 ዓ.ም. መገናኛ ላይ ተካሄደ፤ ደራሲና አርበኛዋ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ለመሆን በቁ። እያንዳንዱ የምርጫ ወረዳ በግምት 200,000 ነዋሪ እንዲይዝና ሁለት እንደራሴዎች እንዲልክ ተደንግጎ ነበር። ይሁን እንጂ የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ዕጩው በወረዳው ንብረት ያለው እንዲሆን ይጠየቅ ስለነበር መሬት አልባው ገበሬ መምረጥ እንጂ መመረጥ አይችልም ነበር። የላይኛው ማለትም የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላትም የሚሾሙት በንጉሠ ነገሥቱ ነበር።

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ፓርላማውን በተነ፤ በ1979 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ሕገ መንግሥት ጸድቆ የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ቢደረግም ውድድሩ በአንድ ፓርቲ ሥር ነበር።

አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸደቀ። አንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት ለሞላ ዜጋ የመምረጥ መብት ሲሰጥ፣ አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 እንዳይበልጡ ይገድባል፤ ከእነዚህም ቢያንስ 20 መቀመጫዎች ለአናሳ ብሔረሰቦች የተጠበቁ ናቸው። አንቀጽ 102 ከማንኛውም ተጽዕኖ ነጻ የሆነ የምርጫ ቦርድ እንዲቋቋም ያዛል። አሸናፊው የሚለየው በአብላጫ ድምፅ በመሆኑ ከግማሽ በታች ድምፅ ያገኘ ዕጩም ወንበሩን ሊይዝ ይችላል። ተመጣጣኝ ውክልና ይሻላል የሚለው የተቃዋሚዎች ክርክር መነሻው ይህ ነው፤ ጥያቄው እስካሁን በሕግ አልተመለሰም።

ከምርጫዎቹ ሁሉ በስፋት የተመዘገበው ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የተካሄደው፣ በዚህ ሕገ መንግሥት ሦስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ነው። ከምርጫው በፊት ባሉት ወራት የገዥው ፓርቲና የተቃዋሚ ተወካዮች በመንግሥት ቴሌቪዥንና ሬዲዮ በቀጥታ ተከራከሩ፤ ስለ መሬት ይዞታ፣ ስለ ፌዴራሊዝምና ስለ ትምህርት ፖሊሲ በአደባባይ ተሰምቶ የማያውቅ ሙግት በየቤቱ ተደመጠ። ሚያዝያ 29 ቀን ገዥው ፓርቲ ኢሕአዴግ፣ በማግስቱ ሚያዝያ 30 ቀን ደግሞ የተቃዋሚ ፓርቲዎች ጥምረት የሆነው ቅንጅት በመስቀል አደባባይ የጠሩት ሰልፍ ሕዝቡ ለፖለቲካ ያለውን ጉጉት በግልጽ አሳየ። በምርጫው ዕለት መራጩ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ አደረ። ካርዱን አሳይቶ፣ ስሙ ከመዝገቡ ተመሳክሮ፣ ጣቱን ቶሎ የማይለቅ ቀለም ተቀብቶ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ከዕጩው ምልክት ትይዩ የኤክስ ምልክት ወይም የጣት አሻራውን አኖረ። ማንበብ ለማይችለው መራጭ ምልክቱ ዋና መለያ ስለነበር የኢሕአዴግ ንብና የቅንጅት ሁለት ጣት ከፓርቲዎቹ ስም በላይ ታወቁ።

ቅንጅት በአዲስ አበባ ያሉትን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ደግሞ 137ቱን አሸነፈ። በሌሎች አካባቢዎች ግን በቆጠራው ላይ ብርቱ ውዝግብ ተነሣ፤ በ31 የምርጫ ክልሎች ነሐሴ 15 ቀን ድጋሚ ምርጫ ተደረገ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተነሣው ተቃውሞ 193 ሲቪሎች መገደላቸውን ጉዳዩን እንዲመረምር የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አረጋግጧል። ለምክር ቤት የቀረበው ሪፖርት የጸጥታ ኃይሎች የወሰዱት እርምጃ ተመጣጣኝ ነበር ሲል፣ ከአገር የወጡ የኮሚሽኑ አባላት የአብዛኛው አባል ድምፅ የተገላቢጦሹ እንደነበር ተናግረዋል። በ2002 ዓ.ም. ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉንም ኢሕአዴግና አጋሮቹ ያዙ።

የምርጫ ቦርዱ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1133 እንደገና ሲዋቀር ሰብሳቢ ሆነው የተሾሙት፣ የቀድሞ ዳኛና በ1997ቱ ምርጫ ማግስት ከታሰሩት የቅንጅት መሪዎች አንዷ የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ ናቸው። ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሲራዘም፣ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን ያለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. በሰጠው የሕገ መንግሥት ትርጉም የምክር ቤቶችን የሥራ ዘመን አስቀጠለ። የትግራይ ክልል ውሳኔውን ሳይቀበል ጳጉሜን 4 ቀን የራሱን ምርጫ አካሄደ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ምርጫውን ውድቅ አደረገው።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ምርጫው ሲካሄድ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተመዝግቦ ነበር። ሰልፉ ባለመጠናቀቁ ቦርዱ የድምፅ መስጫውን ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ያራዘመ ሲሆን፣ የምርጫ አስፈጻሚዎች ሌሊቱን ሙሉ በኩራዝና በእጅ ባትሪ ጭምር ያደረጉት ቆጠራ ምስጋና የሚገባው ነው። የዚህ ምርጫ አዲስ ነገር ግን የፍርድ ቤቶች ድርሻ ነበር። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በእስር ላይ የነበሩት የተቃዋሚው ፓርቲ የባልደራስ አመራሮች በዕጩነት እንዲመዘገቡ ወሰነ፤ ቦርዱም የድምፅ መስጫ ወረቀት ማሳተሙን ገልጾ ቢከራከርም በመጨረሻ ትእዛዙን ፈጸመ። ከክልላቸው ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎች የክልሉ ምክር ቤት አካል ለሆነው ለሐረሪ ጉባኤ ድምፅ መስጠት እንዲችሉም ፍርድ ቤት ወስኗል። የሐረሪና የሶማሌ ክልሎች ምርጫ ወደ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ተሸጋገረ። በትግራይ ግን ምርጫው በክልሉ በነበረው ጦርነት ምክንያት ሳይካሄድ በመቅረቱ የክልሉ 38 የፓርላማ መቀመጫዎች ያለ ተወካይ ቀሩ።