የግጭት ተንታኝ ምንድን ነው? ሥራው በቱርክ ጉዳይ ሲታይ

«ተንታኝ» የሚለው ቃል ከቴሌቪዥን ውይይት ጋር ተጣብቆ ስለቀረ፣ «የግጭት ተንታኝ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጦርነት በተነሣ ቁጥር ቀርቦ ማን እንደሚያሸንፍ የሚናገርን ሰው ነው። የግጭት ተንታኝ ግን የአንድን ግጭት መነሻ፣ ተዋናዮችና አካሄድ ለዓመታት የሚከታተል፣ ከተፋላሚ ወገኖች፣ ከባለሥልጣናትና በመካከሉ ከሚኖረው ሕዝብ የሰማውን የሚያመሳክር፣ በመጨረሻም ነገሩ ወዴት ሊያመራ እንደሚችልና ምን ቢደረግ ሊበርድ እንደሚችል በጽሑፍ የሚያቀርብ ባለሙያ ነው። ትንበያው ሰው ዘንድ ቢጎላም፣ አብዛኛው የሥራ ሰዓቱ የሚያልፈው ቃላትንና ቁጥሮችን በመጠራጠር ነው።

ቱርክን የያዘ ተንታኝ ሊሸሸው የማይችለው ጉዳይ በቱርክና በጎረቤቶቿ የሚኖሩት የኩርዶች ሕዝብ ጥያቄ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአብዱላህ ኦጃላን መሪነት በ1978 የተመሠረተው የኩርዲስታን ሠራተኞች ፓርቲ፣ በአጭር ስሙ ፒኬኬ፣ በ1984 ነፍጥ አንሥቶ ከቱርክ መንግሥት ጋር በተዋጋባቸው አሥርት ዓመታት ከ40,000 በላይ ሰው እንዳለቀ ይነገራል። ኦጃላን በ1999 ናይሮቢ ላይ ተይዞ እስከ ዛሬ በቱርኳ ኢምራሊ ደሴት ታስሮ ይገኛል። በ2013 የተጀመረው የሰላም ንግግር ሐምሌ 2015 ላይ ሲፈርስ፣ ውጊያው ከተራራ ወርዶ እንደ ጂዝሬ፣ ኑሳይቢንና የዲያርባኪሩ ሱር ወዳሉ ከተሞችና ሰፈሮች ገባ።

እዚህ ላይ ቆጠራ ይመጣል። የቱርክ መከላከያ ሚኒስቴር ከሰሜን ኢራቅ ወይም ከሰሜን ሶርያ የሚያወጣቸው መግለጫዎች ብዙውን ጊዜ ይህን ያህል አሸባሪ «ኤትኪሲዝ ሃሌ ጌቲሪልዲ» ይላሉ፤ «ከጥቅም ውጭ ተደረገ» እንደ ማለት ነው። በዚህ አነጋገር ውስጥ የተገደለውም፣ የተያዘውም፣ እጁን የሰጠውም ይጠቃለላል። «ሙት፣ ቁስለኛና ምርኮኛ ሆነ» የሚለውን የጦር ሜዳ መግለጫ እየሰማ ላደገ የአማርኛ አንባቢ ዘዴው እንግዳ አይሆንበትም፤ የእያንዳንዱ ድርሻ ስንት እንደሆነ ስለማይነገር ቁጥሩ ይገዝፋል፣ ሐሰት ነው ለማለት ግን አያስደፍርም። ፒኬኬም ገደልኋቸው በሚላቸው ወታደሮች ቁጥር ረገድ ከዚህ የተሻለ ታማኝነት የለውም። ስለዚህ ተንታኙ የማንንም ድምር እንዳለ አይወስድም። በ1995 የተቋቋመውና ዋና መሥሪያ ቤቱ ብራስልስ የሆነው የግጭት ጥናት ድርጅት ኢንተርናሽናል ክራይስስ ግሩፕ ከሐምሌ 2015 ጀምሮ የሟቾችን መዝገብ የሚይዘው የቱርክን መገናኛ ብዙኃን፣ የጦሩን መግለጫ፣ የአካባቢ የመብት ድርጅቶችንና የፒኬኬን ራሱን ዘገባ እርስ በርስ እያስተያየ ሲሆን፣ በዚህ መንገድ የተመዘገቡት ሟቾች ከ7,000 በላይ ናቸው።

በዚያው መዝገብ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሥራውን ጠባይ የሚያሳይ አንድ ዓምድ አለ። ሟቾቹ የጸጥታ ኃይል አባላት፣ ሰላማዊ ሰዎችና ታጣቂዎች ተብለው ከተከፈሉ በኋላ፣ «ወገናቸው ያልታወቀ ወጣቶች» የሚል አራተኛ ክፍል ይከተላል። እነዚህ የሰዓት እላፊ በታወጀባቸው ከተሞች በነበረው ውጊያ የሞቱ፣ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 35 የሆነ፣ ነፍጥ ይዘው ይሁን ከቤታቸው መውጫ አጥተው ሊረጋገጥ ያልቻለ ሰዎች ናቸው። አንካራ ታጣቂ ብሎ ሊቆጥራቸው ይወዳል፤ የኩርድ ፖለቲከኞች ደግሞ ሰላማዊ ይሏቸዋል። ተንታኙ ሁለቱንም ሳይሰማ የሚቀር አይደለም፤ ግን ያላረጋገጠውን ላለመጻፍ ሲል ለአለማወቁ የራሱ ዓምድ ይከፍትለታል። በእኔ ግምት ከማንኛውም ትንበያ ይልቅ ሙያው የሚከበረው በዚህ ዓይነቱ ጥንቃቄ ነው።

ከቆጠራው ቀጥሎ የሚመጣው የውስጡንና የውጩን ማያያዝ ነው። አሜሪካ እስላማዊ መንግሥት የተባለውን ቡድን ለመውጋት ሶርያ ውስጥ ዋይፒጂ የተባለውን የኩርድ ኃይል ስታስታጥቅ፣ አንካራ ያየችው የፒኬኬን ሌላ ክንድ ነበር፤ በ2018 መግቢያ ጦሯን ወደ አፍሪን ያስገባችውም በዚሁ ምክንያት ነው። የዋሽንግተንና የአንካራን ቅሬታ ቱርክ ከሩስያ በገዛችው የኤስ-400 ፀረ-አውሮፕላን ሚሳኤል ብቻ የሚያስረዳ ጽሑፍ ታዲያ ግማሹን ትቶታል።

ምልክት ማንበብም የሥራው አካል ነው። ጥቅምት 1 ቀን 2024 የቱርክ ምክር ቤት ሲከፈት፣ የኩርድ ደጋፊ የሆነው ፓርቲ እንዲታገድ ለዓመታት ሲወተውቱ የነበሩት የብሔርተኞቹ መሪ ዴቭሌት ባህቼሊ ከዚያው ፓርቲ ተወካዮች ጋር ተጨባበጡ። በማግሥቱ ይህን እንደ ተራ ትሕትና የዘገበ ብዙ ነበር። ሦስት ሳምንት ሲሞላ ባህቼሊ ኦጃላን ምክር ቤት ቀርቦ ድርጅቱን እንዲያፈርስ ሐሳብ አቀረቡ፤ በማግሥቱም አንካራ አጠገብ ባለው የአውሮፕላን ኩባንያ ላይ ጥቃት ደርሶ አምስት ሰው ሞተ፣ ኃላፊነቱንም ፒኬኬ ወሰደ። ያም ሆኖ ከኦጃላን ጋር የተጀመረው ንግግር አልተቋረጠም፤ አለመቋረጡ ራሱ ከመጨባበጡ የበለጠ የሚናገር መረጃ ነበር። የካቲት 27 ቀን 2025 ኦጃላን ድርጅቱ ትጥቅ ፈትቶ እንዲፈርስ ጥሪ አስተላለፈ፣ ግንቦት 12 ድርጅቱ መፍረሱን አወጀ፣ ሐምሌ 11 ደግሞ በኢራቅ ሱሌይማኒያ አቅራቢያ 30 ታጣቂዎች መሣሪያቸውን እሳት ላይ ጣሉ።

ይኸው ዓይን ወደ እኛም አካባቢ ይዞራል። ቱርክ ከ2017 ጀምሮ ሞቃዲሾ ውስጥ የጦር ማሠልጠኛ ያላት፣ በየካቲት 2024 ከሶማልያ ጋር የመከላከያ ስምምነት የፈረመች አገር ስትሆን፣ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ከሶማሌላንድ ጋር በተፈራረመችው የመግባቢያ ሰነድ ሳቢያ የተጣሉትን ኢትዮጵያንና ሶማልያን ያሸማገለችውም እርሷ ናት። ሽማግሌው በጉዳዩ ውስጥ የራሱ ጥቅም ሲኖረው ሽምግልናው ከንቱ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ተንታኙ ግን ያንን ጥቅም ሳይጽፍ አያልፍም። ታኅሣሥ 11 ቀን 2024 የወጣውን የአንካራ መግለጫ ሲይዝም ከመጨባበጡ ፎቶ ይልቅ ቃላቱ ላይ ያተኩራል፤ ኢትዮጵያ የምታገኘው የባሕር መተላለፊያ በሶማልያ ሉዓላዊ ሥልጣን ሥር እንደሚሆን በግልጽ ሲጻፍ፣ ጠቡን ያስነሣው የመግባቢያ ሰነድ ግን በስሙ አልተጠራም።