በእጅ በሚሠራ ካርድ ላይ «ባዶ ቦታ» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ በእጅ የተሠራ የእንቁጣጣሽ ካርድ ተመልክቶ «ባዶ ቦታውን በደንብ ተጠቅመሽበታል» በማለት ሠሪዋን አደነቀ። በካርዱ ላይ ሰባት አደይ አበባዎች ከላይ እስከ ታች ተበትነዋል፤ አንዱ ሌላውን አይነካም። «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለው ጽሑፍ ከታችኛው ጠርዝ ተጠግቶ፣ ወደ መጨረሻው ቦታ ስላጠረው ፊደላቱ ተጨናንቀዋል። አስተያየት ሰጪው ያደነቀው ነገር ባዶ ቦታ ሳይሆን የተረፈ ወረቀት ነው፤ ሁለቱ ሲምታቱ ደጋግሜ በማየቴ ነው ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት።

ባዶ ቦታ ማለት ሆን ተብሎ የተሰበሰበ፣ የራሱ ቅርጽ ያለውና ዓይንን ወደ አንድ ነገር የሚመራ ስፍራ ነው። ነጭ መሆን የለበትም፤ በቡናማ ወረቀት ላይ የተተወ ስፍራም ያው ባዶ ቦታ ነው።

በሠርግ ቤት እስክስታ ለሚወርድ ሰው መሐሉ ሲለቀቅ የሚሆነውን እናስብ። ወንበሮቹ በየቦታው ተበትነው ሳሉ ያለው ክፍት ወለል፣ ወደ ዳር ከተሰበሰቡ በኋላ ካለው በስፋት አያንስም፤ ነገር ግን ወንበሮቹ በተበተኑበት ወለል ላይ ማንም ሊጨፍር አይችልም። ሰባቱ አበቦች እነዚያ ወንበሮች ናቸው። አጨብጫቢዎቹን ኅዳግ፣ ማለትም በካርዱ ጠርዝ ዙሪያ የሚተወው ስፍራ፣ ልንላቸው እንችላለን፤ በጣም ከተጠጉ ጨፋሪው ትከሻውን መስበቂያ ያጣል። ከዚህም በላይ ጨፋሪው ከጀርባው ይልቅ ከፊቱ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ በካርድ ላይ የተሳለች ወፍም ምንቃሯ ከጠርዙ ጋር ከሚላተም ይልቅ የምትመለከትበት ወገን ክፍት ቢሆንላት ይሻላል።

ሌላው የሚያሰለቸኝ ጥያቄ «ስንት በመቶው ባዶ ይሁን?» የሚለው ነው። ኤ5 ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ 105 በ148 ሚሊ ሜትር የሆነ ካርድ ይሰጣል። በአራቱም ጎን 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢተው ከፊት ገጹ 30 በመቶ ያህሉ ባዶ ሆነ ማለት ነው፤ ሆኖም ውስጡ በሥዕል ከተሞላ ማንም ሰው ካርዱን ሲያይ ሙሉ ነው ይለዋል። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን የሚነግረን ነገር የለም።

«የእኛ ጥበብ ባዶ ቦታ አይወድም» የሚሉ ሰዎች ደግሞ የብራና መጻሕፍትን ሐረግ፣ ማለትም በገጹ ላይ የሚሳለውን የተጠላለፈ ጌጥ፣ ይጠቅሳሉ። ሐረጉ ውስጡ ጥቅጥቅ ያለ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ጸሐፊው ብራናውን ወግቶና አስምሮ ሲነሣ የዓምዱንና የኅዳጉን ድርሻ አስቀድሞ ይወስናል፤ የሐረጉ ጥቅጥቅነት የሚያምረውም ዙሪያው ስለተለቀቀለት ነው።

ያንን ካርድ እኔ ባስተካክለው አበቦቹን ከቢጫ ወረቀት ቆርጬ ሳልለጥፍ በካርዱ ላይ እያንቀሳቀስሁ እሞክራለሁ። ሁለቱን አስቀርቼ አምስቱን በታችኛው ግራ ማዕዘን እርስ በርስ አደራርቤ እሰበስባለሁ፤ ትልቁ ከፊት ይሆናል፣ አንድ ቀጭን ግንድ ብቻ ወደ ላይ ያመልጣል። ጽሑፉን በቀኝ በኩል ከላይ በሁለት መስመር እጽፈዋለሁ። ፊደላችን እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ የሚባል ስለሌለው፣ አንድን ቃል ለማጉላት የቀረን መጠኑና በዙሪያው የሚተወው ስፍራ ነው። «እንኳን» አራት፣ «አደረሳችሁ» ስድስት ፊደል ነው ብሎ በማስመሪያ እኩል መከፋፈል ግን አያዋጣም፤ «ኳ» እና «ረ» እኩል ቦታ አይፈልጉም። በእርሳስ ጽፎ፣ አይቶ፣ በላጲስ አጥፍቶ እንደገና መጻፍ የግድ ነው።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር፦ ወፍራም ወረቀት ከቃጫው (ወረቀቱ ከተሠራባቸው ቀጫጭን ክሮች) አቅጣጫ ጋር ካልታጠፈ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፣ በተሰበሰበ ባዶ ቦታ አጠገብ ደግሞ ስንጥቁ ወዲያው ይታያል። የኮላ ጠብታና የጣት አሻራም እንዲሁ ናቸው፤ በተበታተኑት አበቦች መካከል ተደብቀው ያልፉ የነበሩት እዚህ መሸሸጊያ የላቸውም። ስለዚህ ኮላውን ከአበባው ጀርባ መሐል ላይ ብቻ እቀባለሁ፣ በምሠራበትም ጊዜ ሁሉ ከእጄ ሥር ንጹሕ ቁራጭ ወረቀት አነጥፋለሁ።