«አናረጋግጥም፣ አናስተባብልም» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሌሊት ደማስቆ አቅራቢያ የመሣሪያ መጋዘን ይጋያል። ሰማዩ ይቀላል፣ የሰፈሩ መስኮት ይረግፋል። ጠዋት እስራኤል ስትጠየቅ «አናረጋግጥም፣ አናስተባብልም» ትላለች። በሶሪያ የእርስ በርስ ጦርነት ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህ ተደጋግሟል። ዒላማው ብዙ ጊዜ በኢራን ለሚደገፈው የሊባኖስ ታጣቂ ቡድን ለሂዝቦላህ የሚሄድ መሣሪያ ነበር።

ይህ ክህደት አይደለም። «እኔ ነኝ የመታሁት» ብሎ በአደባባይ መናገር የያኔውን የሶሪያ ፕሬዚዳንት አሳድን አጸፋ እንዲመልስ ይገፋው ነበር። ዝም ሲባል ግን እሱም ነገሩን አይቶ እንዳላየ ማለፍ ይችል ነበር።

ሕጉ ጋ ስንመጣ ችግር አለ። የተመድ ቻርተር አንቀጽ 51 ራሱን ለመከላከል ኃይል የተጠቀመ አገር ለጸጥታው ምክር ቤት ወዲያው ያሳውቅ ይላል። ያላመኑትን ድብደባ እንዴት ያሳውቁታል? መስኮቱ የረገፈበት ሰውስ ማንን ይጠይቅ? እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

ዝምታው ግን እስከ መጨረሻው አልዘለቀም። ጃንዋሪ 2019 ላይ የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁ በደማስቆ አውሮፕላን ማረፊያ የኢራን መሣሪያ መጋዘኖች መመታታቸውን ራሳቸው ተናገሩ።